ባዮሎጂ በቤታችን፤ ከእርሾ እስከ ሾላ



ልጆቻችን ባዮሎጂን መማር የሚጀምሩት ትምህርቱ በዚህ ስም ከመጠራቱ በፊት ነው። በጋን ጥጥ ላይ ባቄላ ያበቅላሉ፤ በአንደኛ ደረጃ "ማዳዒም" በሚባለው ክፍለ ጊዜ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት ይማራሉ፤ በሐቲቫት ቤናይም ስለ ሕዋስና ስለ ዘር ውርስ ይሰማሉ፤ በቲኮን ደግሞ የፈለገ ተማሪ እስከ አምስት የሂዶት ባግሩት ድረስ ይዘልቅበታል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ወላጅ የሚገባበት ቦታ የለም ብሎ የሚያስብ ወገናችን ብዙ ነው። በማኅበራዊ ሠራተኝነት ሥራዬ ከቤተሰቦች ጋር ስቀመጥ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ልጁ የቤት ሥራውን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ አባት ዝም ይላል፤ እናት "እኔ አልተማርኩም" ትላለች። ልጁም ያምናታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከወላጁ የሚጠይቀው ነገር ገንዘብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

"አልተማርኩም" የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። በጎንደር፣ በሰሜን፣ በወልቃይት ወይም በትግራይ ገጠር ያደገ ሰው፣ መሬቱ የሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ዘር ዘርቷል፣ አርሟል፣ ከብት አርብቷል፤ እናቶቻችን ሊጥ አቡክተዋል፣ ዶሮ አስታቅፈዋል። የባዮሎጂ መጽሐፍ የሚያወራው ስለዚሁ ነው። የጎደሉን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የነገሩ የዕብራይስጥ ስም፣ ሁለተኛው ከጀርባው ያለው ምክንያት። ስለዚህ ከዚህ በታች ከቤታችን የምናውቃቸውን ዕፅዋትና እንስሳት እያነሣሁ፣ ልጁ በደብተሩ ላይ የሚያገኘውን የዕብራይስጥ ቃል እንደ አጠራሩ አብሬ ጽፌአለሁ።

ሊጡ ውስጥ ያለው ሕይወት

የባዮሎጂ ትምህርት መነሻ ሕዋስ ነው፤ በዕብራይስጥ "ታ" ይባላል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከአንድ ወይም ከብዙ ሕዋሳት የተሠራ ነው። የሰው አካል እጅግ ብዙ ሕዋሳት አሉት፤ በአንድ ሕዋስ ብቻ የሚኖሩ ፍጥረታት ደግሞ አሉ። ልጁ "በዓይን የማይታይ ነገር እንዴት ይታመናል?" ቢላችሁ የሊጡን ዕቃ ክፈቱለት።

ዱቄትና ውኃ ብቻቸውን ተበጥብጠው ወዲያው ምጣድ ላይ ቢፈሱ ዓይን ያለው እንጀራ አይወጣም። እናቶቻችን ካለፈው ሊጥ ላይ የተንሳፈፈውን ቢጫ ውኃ፣ እርሾውን፣ አስቀምጠው በአዲሱ ሊጥ ላይ የሚጨምሩት በዚህ ምክንያት ነው። በእርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሁለት ዓይነት ነዋሪዎች አሉ። አንዱ ዕብራይስጡ "ሽማሪም" የሚለው ነው፤ በሱፐር በትንሽ ከረጢት የሚሸጠው የዳቦ እርሾ የዚሁ ወገን ነው። ሁለተኛው "ሐይዳኪም" ማለትም ባክቴሪያ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች "ኤንዚም" በሚባሉ ነገሮች እየተቆራረጠ ወደ ስኳርነት ይለወጣል፤ ሽማሪሞቹ ስኳሩን በልተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣሉ፤ ያ አየር ምጣዱ ሲግል በሊጡ ውስጥ ሽቅብ እየፈነዳ ሲወጣ የእንጀራው ዓይን ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ አሲድ ይሠራሉ፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት ከነርሱ ነው። ሥራው በጠቅላላ "ትሲሳ" ይባላል። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ወተት የሚኮመጥጠው ሕይወት ባላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት መሆኑን ያስታወቀው በ1857 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። እርሾ ማስቀመጥ ግን በእናቶቻችን እጅ ከዚያ በፊትም ነበረ።

በኢየሩሳሌም ክረምት ሊጡ አልነሣ ብሎ ያስቸገራት እናት ሁሉ ሌላውን ትምህርት ታውቀዋለች። ኤንዚምና ሽማሪም በብርድ ይዘገያሉ፣ በሙቀት ይፈጥናሉ፣ ከመጠን ባለፈ ሙቀት ደግሞ ሽማሪሙ ይሞታል፣ ኤንዚሙም ይበላሻል። ሊጡን ብርድ ልብስ ማልበስ ማለት ለሕዋሶቹ የሚስማማ ሙቀት መፍጠር ማለት ነው።

ይህን ወደ ፈተና መለወጥ ቀላል ነው። ልጁ አራት ብርጭቆ ይውሰድና በሁሉም ውስጥ እኩል ዱቄትና እኩል ውኃ ያድርግ። በአንደኛው እርሾ ይጨምር፤ በሁለተኛው ምንም አይጨምር፤ በሦስተኛው ፈልቶ የቀዘቀዘ እርሾ ይጨምር፤ አራተኛው እንደ አንደኛው እርሾ ይኑረውና ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። በማግስቱ የየብርጭቆውን ከፍታ በማስመሪያ ይለካ። ምንም ያልተጨመረበት ብርጭቆ በዕብራይስጥ "ቢኮሬት" ይባላል፤ ማነጻጸሪያ ማለት ነው። ፈተና ላይ ተማሪዎች ነጥብ ከሚያጡባቸው ጥያቄዎች አንዱ "ማነጻጸሪያው ለምን አስፈለገ?" የሚለው ነው። ምንም ካልተጨመረበት ብርጭቆ ጋር ካላወዳደሩ ለውጡ የመጣው ከእርሾው ይሁን ከሌላ ነገር ማወቅ አይቻልም፤ ዱቄቱ ራሱም የራሱን ጥቂት ነዋሪዎች ይዞ ስለሚመጣ ቢኮሬቱ ቢቆይ ትንሽ ሊነሣ ይችላል፤ ልጁ ይህንንም ቢጽፈው መልካም ነው።

አንድ ባክቴሪያ በየግማሽ ሰዓቱ ለሁለት ቢከፈል ከ10 ሰዓት በኋላ ከ1,000,000 በላይ ይሆናል። ልጁ በሒሳብ ማሽን 2ን 20 ጊዜ ያባዛ፤ ራሱ ያየዋል። የሽሮ ወጥ በበጋ ከምድጃው ላይ ካደረ ለምን እንደሚበላሽ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ትንሽ ዘር፣ ትልቅ ዘር

በጋን የሚደረገው የባቄላና የጥጥ ነገር ለብዙ ወላጅ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ገበሬ የነበረ አባት ግን በዚያ ላይ ሞራዋ የማትጨምረውን ነገር ሊጨምር ይችላል።

በአንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2,000 በላይ ፍሬ አለ። ገበሬ ጤፍ ከመዝራቱ በፊት መሬቱን አልሞ አለስልሶ በከብት ያስረግጣል፤ ዘሩንም ከላይ ይበትነዋል እንጂ እንደ ባቄላ በጥልቅ አይቀብረውም። ለምን? ዘር ማለት በውስጡ "ዑባር"፣ ማለትም ያልተወለደ ተክል፣ እና ለእርሱ የሚሆን ስንቅ የያዘ ነገር ነው። ቡቃያው ብርሃን አግኝቶ የራሱን ምግብ እስኪሠራ ድረስ የሚኖረው በዚያ ስንቅ ነው። ባቄላ ስንቁ ብዙ ስለሆነ ከጥልቅ አፈር ውስጥ ገፍቶ መውጣት ይችላል። የጤፍ ስንቅ ግን ከጥቂት መንገድ በላይ አያደርስም፤ በጥልቅ ቢቀበር ብርሃን ሳያይ ያልቅበታል። ባቄላን አንድ ሌሊት ነክራችሁ ብትልጡትና ለሁለት ብትከፍሉት ሁለቱ ክኮች ስንቁ ናቸው፤ በዕብራይስጥ "ፕሲጊም" ይባላሉ፤ በመካከላቸው ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ጫፍ ዑባሩ ናት። መብቀሉ "ኔቪታ" ነው።

ከዚህ በኋላ አንዱን የበቀለ ሽምብራ በመስኮት አጠገብ፣ ሌላውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። ከሳምንት በኋላ የቁም ሣጥኑ ይረዝማል፤ ግን ቢጫና ቀጭን ነው። ልጁ "በጨለማ የበለጠ አደገ" ብሎ ቢጽፍ አትፍረዱበት፤ ብዙው ልጅ እንዲሁ ይጽፋል። ያ ተክል ያደገው ስንቁን እየጨረሰ ብርሃን ፍለጋ ነው። አረንጓዴው ግን በብርሃን ኃይል ከአየርና ከውኃ የራሱን ስኳር እየሠራ ነው፤ ይኸውም "ፎቶሲንቴዛ" የሚባለው ነው። ተክል ምግቡን ከአፈር ይበላል ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከአፈር የሚወስደው ውኃና ማዕድን ነው።

ባቄላና ላም ምን ያመሳስላቸዋል?

ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ የተዘራበት መሬት በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ ቢዘራበት እህሉ እንደሚያምር ማንም ገበሬ ያውቃል። የባቄላ ሥር ነቅሎ ያየ ሰው ደግሞ በሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች አይቷል፤ በሽታ የመሰለውም ይኖራል። በእብጠቶቹ ውስጥ ሪዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን፣ በዕብራይስጥ "ሐንቃን" ነው፤ ተክል ያለርሱ አያድግም፤ ነገር ግን ከአየር ላይ በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ባክቴሪያዎቹ ይችላሉ። ባቄላው ስኳር ይሰጣቸዋል፤ እነርሱ የሚጠቅመውን ናይትሮጅን ይሰጡታል። ሥሩና ቅጠሉ አፈር ውስጥ ሲበሰብስ ለሚቀጥለው እህል ይተርፋል። እብጠቷን በጥፍር ብትሰነጥቋት ውስጧ ሮዝ መልክ ካለው በሥራ ላይ ናት ማለት ነው፤ ቀለሙ ከደማችን ቀይ ነገር ጋር ዝምድና ካለው ነገር የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ላሟ እንምጣ። የሚበላ እንስሳ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ መሆን እንዳለበት ከኦሪት እናውቃለን፤ ልጆቹም "ማዓሌ ጌራ" ማለት ያውቃሉ። ማመስኳት ግን ምን ሥራ ይሠራል? ሣርና ጭድ የተሠራበትን ጠንካራ ነገር የሰው ሆድ ሊፈጨው አይችልም፤ ላሟም ራሷ አትችልም። የሚፈጩላት በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። የአንዲት ትልቅ ላም ያ ጨጓራ ብቻውን ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ሣሩን መጀመሪያ ሳታኝክ ትውጠዋለች፤ ጥቂት ሲቦካ ወደ አፏ መልሳ ታላምጠዋለች፤ ደግሞ ትውጠዋለች። ከአራቱ የሆድ ክፍሎች አንዱ ቅጠል በቅጠል የሆነው ሽንፍላ ነው፤ እርሱን ማጠብ ምን እንደሆነ ለእናቶቻችን መንገር አያስፈልግም። ያ ሁሉ እጥፋት ለላሟ የውኃ መምጠጫ ነው። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ጥቃቅኖቹ ራሳቸው ይፈጩና የላሟ ምግብ ይሆናሉ።

ስለዚህ ባቄላውም ላሟም እንግዳ ያስተናግዳሉ፤ እንግዳው ቤት ያገኛል፣ ቤቱም ይጠቀማል። ይህ "ሲምቢዮዛ" ይባላል። የእርሾውን ትሲሳ የተረዳ ልጅ የላሟ ጨጓራ ትልቅ የሊጥ ዕቃ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አይወስድበትም።

አተር፣ በቅሎና ሰባት ቤት

የዘር ውርስ ትምህርት፣ "ቶራሻ"፣ ለብዙ ተማሪ የሚከብድ ነው። የተጀመረው ግን ከወጥ እህላችን ከአተር ነው። ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ፣ ዛሬ የቼክ አገር በሆነችው በብርኖ ከተማ በገዳሙ አትክልት ቦታ፣ ድቡልቡል ፍሬ ያለውን አተር ከተጨማደደው ጋር አዳቀለ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች በሙሉ ድቡልቡል ሆኑ፤ የተጨማደደው የጠፋ መሰለ። እነዚያን እርስ በርስ ሲያራባቸው ግን በሁለተኛው ትውልድ 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተጨማደደ ቆጠረ፤ ሦስት ለአንድ ማለት ነው። ውጤቱን በ1866 አሳተመ፤ ዓለም ያስተዋለው ግን እርሱ ከሞተ በኋላ በ1900 ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ ባሕርይ ሁለት መልእክት ይወርሳል፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት። መልእክቱ "ጌን" ይባላል፤ በዕብራይስጥ ፊደል ሲጻፍ ልጆች ከሚውሉበት "ጋን" ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ትንንሾቹ ይሥቁበታል። አንዱ መልእክት ብርቱ ከሆነ ሌላውን ይሸፍነዋል። የተሸፈነው አልጠፋም፤ ተደብቆ ይሄዳል፤ ከሁለቱም ወገን የተደበቀው ሲገናኝ ብቻ ብቅ ይላል። የሚሸፍነው "ዶሚናንቲ"፣ የሚደበቀው "ሬጼሲቪ" ነው። "ከእናቱም ከአባቱም የሌለ መልክ ከአያቱ አመጣ" ስንል ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለዚሁ ነው።

ጌኖች የተቀመጡት ክሮሞሶም በሚባሉ ክሮች ላይ ሲሆን ሰው 46፣ ፈረስ 64፣ አህያ 62 አላቸው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። በባዮሎጂም መልሷ ትክክል ነው፤ እናቷ ባዝራ፣ አባቷ አህያ ስለሆነ የእናቷ ወንድም በእርግጥ ፈረስ ነው! ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31፣ በድምሩ 63 ትወርሳለች። እንቁላልና የወንድ ዘር ሲሠራ ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው፤ 63 ደግሞ እኩል ለእኩል አይጣመርም፤ የፈረሱና የአህያው ክሮችም ለመጣመር በሚገባ አይመሳሰሉም። በቅሎ ብርቱ ሆና ሳለ መካን የሆነችው በዚህ ነው። ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ የሚመልስ ልጅ በቅሎን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቃት ይሆናል፤ ጭነት ጭኖ ከበቅሎ ጋር ተራራ የወጣ አያት ግን በቤቱ ሊኖር ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ከፈተና ያልፋል። በእኛ ማኅበረሰብ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ የሚዛመዱ አይጋቡም። አንዳንድ ወጣቶች ይህን የድሮ ሰው ነገር አድርገው ሲያዩት እሰማለሁ። በሜንዴል አተር ዓይን እንመልከተው። ብዙ ከባድ የዘር በሽታዎች ተደብቀው የሚሄዱ ናቸው፤ ተሸካሚው፣ "ናሳ" የሚባለው፣ ራሱ ጤነኛ ነው። ሁለቱም ወላጆች የአንድ በሽታ ተሸካሚ ከሆኑ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የወንድማማች ልጆች በአማካይ ከስምንት አንድ እጅ የሚሆን የጋራ ውርስ አላቸው፤ ስለዚህ ከአንድ አያት የወረዱት ድብቅ መልእክት በሁለቱም ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የጋራ አያታቸው በሰባተኛው ትውልድ ላይ የሆኑ ሁለት ሰዎች ግን የሚጋሩት በአማካይ ከ8,000 አንድ ያህል ብቻ ነው። አንድ ሰው ወደ ኋላ ሰባት ትውልድ ቢቆጥር በዚያ ደረጃ ላይ 128 አያቶች አሉት፤ ሽማግሌዎቻችን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቃል የያዙት ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ማለት ግን ዘር የቆጠረ ምርመራ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ሁለት የማይዛመዱ ሰዎችም የአንድ በሽታ ተሸካሚዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በኩፓት ሆሊም ከእርግዝና በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት የዘር ምርመራ ስትጠየቁ፣ ነርሷም "ትዛመዳላችሁ?" ብላ ስትጠይቅ ንቀት አይደለም፤ ለሁሉም የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ለጥያቄው ከማንም የተሻለ መልስ ያለን ደግሞ እኛ ነን፤ ዘራችንን ቆጥረናልና።

ስለ እንቁላል አጭር ነገር ልጨምር። ልጆች የሱፐር እንቁላል ብንታቀፈው ይፈለፈላል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አይፈለፈልም፤ ለገበያ የሚጥሉት ዶሮዎች ከአውራ ዶሮ ጋር ስለማይኖሩ "ሀፍራያ" አልተደረገም፤ የአባት ድርሻው የለም። አውራ ዶሮ ካለበት ግቢ የመጣው ግን በሚስማማ ሙቀት 21 ቀን ከቆየ ጫጩት ይሆናል። እናቶች የታቀፈውን እንቁላል ወደ ፀሐይ አንሥተው ሕይወት ያለውን ከባዶው ሲለዩ የነበረው በዛጎሉ ውስጥ ያለውን የደም ሥር እያዩ ነው።

እንክርዳድና አንቲቢዮቲካ

ይህን ክፍል ወላጆች በተለይ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ስንዴ ያረመ ሰው እንክርዳድን ያውቃል። ቡቃያው ስንዴ ይመስላል፤ ፍሬውም ከስንዴው ጋር ለመለየት ያስቸግራል፤ ከዱቄት ጋር ከገባ ያዞራል፣ ያሰክራል። ለምን ስንዴ መሰለ? በእያንዳንዱ ዓመት አራሚው የሚነቅለው ስንዴ የማይመስለውን ነው፤ ወንፊቱም የሚያወጣው በመጠን የሚለየውን ነው። ከአራሚው ዓይንና ከወንፊቱ ያመለጠው፣ ማለትም ስንዴ የሚመስለው፣ ዘሩን ጥሎ ከስንዴው ጋር ተመልሶ ይዘራል። ይህ በሺህ ዓመታት ሲደጋገም አረሙ እህሉን እየመሰለ መጣ። ሰው ሳያስበው መረጠው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ ይህን ነገር በሰፊው ጽፎበታል። እርሱ በ1927 ኢትዮጵያ ድረስ ሄዶ የገበሬዎችን የእህል ዘር ሰብስቧል፤ አገሪቱንም የሰብሎች መገኛ ከሆኑት የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል።

በባክቴሪያ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው፤ "ብሬራ" ይባላል፣ መመረጥ። አንቲቢዮቲካ ባክቴሪያን የሚነቅል እጅ ነው። በብዙ ሚሊዮን መካከል ጥቂቶቹ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ይሆናሉ፤ ሌሎቹ ሲነቀሉ እነርሱ ቦታውን ይወርሳሉ። መድኃኒቱ በማያስፈልግበት ጊዜ በተሰጠ ቁጥር የሚተርፈው የሚቋቋመው ነው። ይህ "ዓሚዱት" ይባላል፤ ዛሬ በዓለም ሆስፒታሎች ከባድ ችግር ሆኗል።

ጉንፋንና ፍሉ የሚመጡት ግን ከቫይረስ ነው። ቫይረስ ሕዋስ አይደለም፤ የራሱ ቤት የለውም፤ በሕዋሳችን ውስጥ ገብቶ ነው የሚራባው፤ አንቲቢዮቲካ አይነካውም። ልጃቸው በትኩሳት ሲነድ ሐኪሙ "ውኃ ይጠጣ፣ ይረፍ" ብሎ የሸኛቸው ወላጆች "ጥቁር ስለሆንን መድኃኒት ነፈገን" ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ። በዚህ አገር ንቀት የለም አልልም፤ አለ፤ ሲያጋጥምም ዝም ማለት አይገባም። ነገር ግን ሐኪም ለቫይረስ አንቲቢዮቲካ አለመስጠቱ የንቀት ምልክት አይደለም። መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ "ሐይዳክ ነው ወይስ ቪሩስ? እንዴት አወቅህ? ትኩሳቱ ስንት ቀን ቢቆይ ልመለስ?" የሚለው ነው። ይህን የጠየቀ ወላጅ ሐኪሙን ማብራሪያ እንዲሰጥ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ከታዘዘ ደግሞ ሐኪሙ ባለው መጠንና ቀን ይወሰድ፤ የተረፈውን ለጎረቤት ልጅ ማካፈል፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም።

በነገራችን ላይ ስለ ስንዴ ከተነሣ፣ የዱር ስንዴ ዘመድ የተገኘው እዚሁ አገር ነው። አሮን አሮንሶን በ1906 በሮሽ ፒና አካባቢ አገኘው፤ "ኤም ሀሒታ"፣ የስንዴ እናት ይሉታል። የዱሩ ዛላ ሲደርስ ራሱ ይበተናል፤ የገበሬው ግን እስኪታጨድ ይጠብቃል። ያም ሳይታሰብ የተደረገ መመረጥ ነው፤ ገበሬ የሰበሰበው ያልተበተነውን ነበርና።

ሾላ በድፍን

የመጨረሻው ዛፍ በኢትዮጵያም በእስራኤልም አለ። በዕብራይስጥ "ሺክማ" ይባላል፤ ከእኛ አገር የሾላና የባምባ ወገን ነው። በአሽቀሎን፣ በቴል አቪቭና በሌሎች የባሕር ዳር ከተሞች በየመንገዱ ይታያል፤ በልጆች መጫወቻ ቦታ ጥላ የሚሰጠን ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ሾላ አበባው አይታይም። አበቦቹ በመቶዎች ሆነው ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ወደ ውስጥ ዞረው ይበቅላሉ። ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው ማድረስ፣ "ሀአቫካ" የሚባለውን ሥራ፣ የምትሠራለት ከጤፍ ብዙ የማትበልጥ ትንሽ ተርብ ናት፤ በፍሬው ጫፍ ባለችው ቀዳዳ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ዛፉ ያለርሷ ዘር አያፈራም፣ እርሷም ያለ ዛፉ አትራባም። ሾላ ሳይከፍቱ መብላት ይሻላል የሚባለው ውስጡ በሚታየው ነገር ነው፤ "ሾላ በድፍን" የሚለው አነጋገርም ከዚህ የወጣ ነው።

ዛፉ ወደ እስራኤል ምድር በጥንት ዘመን ሲመጣ ብናኙን የምታደርሰው ተርብ አብራው አልመጣችም። ስለዚህ ከአፍሪካው ዛፍ በተለየ፣ እዚህ ለሺህ ዓመታት የኖረው ሺክማ የሚበቅል ዘር ያላፈራ ነው፤ ሰዎች ቅርንጫፍ እየቆረጡ እየተከሉ ነው ያበዙት። ቅርንጫፍ ተቆርጦ የተተከለ ዛፍ ከእናቱ ጋር አንድ ዓይነት ጌን ስላለው ለባዮሎጂ መምህር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከሁለት ወላጅ ሳይሆን ከአንድ ብቻ የሚገኝ ትውልድ "ሪቡይ አል-ዝዊጊ" ይባላል። ነቢዩ አሞጽ ከብት ጠባቂ ከመሆኑ ሌላ የዚህ ዛፍ ሠራተኛ ነበር። ሥራው ምን እንደነበረ የዕፅዋት ሊቃውንት ሲያብራሩ፣ ጥሬውን ፍሬ በስለት ጫር ያደርጉት ነበር ይላሉ፤ የቆሰለው ፍሬ ኤቲሌን የተባለ አየር ያወጣና በጥቂት ቀናት ውስጥ ያብጣል፣ ይጣፍጣል። ጥሬ ሙዝ ከበሰለ ሙዝ ጋር በከረጢት ሲቀመጥ ቶሎ የሚበስለው በዚሁ አየር ነው።

ልጃችሁን ይዛችሁ በሚቀጥለው ሻባት ከሰዓት በኋላ በሰፈራችሁ ሺክማ ሥር ስታልፉ፣ ከወደቀው ፍሬ አንዱን ክፈቱት። በውስጡ የሚገኙት ትናንሽ ነፍሳት ሌላ ዓይነት ተርብ ናቸው፤ በፍሬው ይጠለላሉ እንጂ ብናኝ አያደርሱም። የባቄላውን ባክቴሪያ ያወቀ ልጅ ይህች እንግዳ ቤቱን ትጠቅማለች ወይስ አትጠቅምም ብሎ ይጠይቃችሁ ይሆናል። ቅርንጫፍ ለመትከል ካሰባችሁ ደግሞ ከሚመለከተው ሰው ፈቃድ ጠይቃችሁ በክረምቱ መጨረሻ የአውራ ጣት ውፍረት ያለውን ቁረጡ፤ እርጥብ አሸዋ ባለበት ማሰሮ ግማሹን ቅበሩትና ውኃ አታስቀሩበት።